«ጉበትህ ነው» ከመባሉ በፊት፦ የጡንቻ ኢንዛይም በደም ምርመራ ላይ ሲጨምር ምን ማለት ነው?

መግቢያ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። የእኛም ትምህርት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አንድ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከየት መጣ?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ግን ስለ ወሬ ሳይሆን ስለ ቁጥር ነው፤ ያውም በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ተጽፎ በእጃችን ስለሚሰጠን ቁጥር።

እንደሚታወቀው ደም ሰጥቶ ወረቀት ይዞ የሚወጣ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ከቁጥሩ ጎን ባለች ቀስት ላይ ነው። ቀስቷ ወደ ላይ ካመለከተች በቃ፣ ታምሜአለሁ ብሎ ይደመድማል። ቁጥሩ ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ በተለይ የጡንቻ ኢንዛይሞች ላይ ካልተጠየቀ ሁለት ዓይነት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛው፣ ጤነኛ ሰው የሌለበትን በሽታ ይዞ ይኖራል። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው፤ በእውነት ጡንቻው የተጎዳ ሰው በሌላ በሽታ ሲታከም ኩላሊቱ ሊያመልጠው ይችላል።

እኔ የጤና ተማሪ አይደለሁም፤ ጽሑፉም መድኃኒት ለማዘዝ የተዘጋጀ አይደለም። ነገር ግን ነገ ከነገ ወዲያ የጤና ዜና የምንሠራው እኛ ነን። ጋምቤላ ደግሞ ለዚህ ርዕስ ሩቅ አገር አይደለችም። ሙቀቱ አለ፣ የጉልበት ሥራው አለ፣ ወባው አለ፣ ድንበር አቋርጦ ቀናት ሙሉ በእግሩ የሚመጣው ስደተኛም አለ። እነዚህ ሁሉ ጡንቻን ይነካሉ።

ኢንዛይሙ ምንድን ነው? ደም ውስጥስ ምን ይሠራል?

ጡንቻችን ሲሠራ ኃይል ይፈልጋል። ኃይሉን የሚያገኘው ኤ.ቲ.ፒ ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሰው ኩንታል ብድግ ሲያደርግ ወይም ድንገት ሲሮጥ በጡንቻው ውስጥ ያለው ኤ.ቲ.ፒ በጥቂት ሴኮንዶች ያልቃል። ለዚህ ጊዜ ተብሎ የተቀመጠ መጠባበቂያ አለ፤ ክሪያቲን ፎስፌት ይባላል። ከዚህ መጠባበቂያ ላይ ፎስፌቱን አንስቶ አዲስ ኤ.ቲ.ፒ እንዲሠራ የሚያደርገው ኢንዛይም ክሪያቲን ካይኔዝ ነው። በላብራቶሪ ወረቀት ላይ «ሲኬ» ወይም «ሲፒኬ» ተብሎ በአጭሩ ይጻፋል።

የዚህ ኢንዛይም ቤቱ ጡንቻ ውስጥ ነው። ደም ውስጥ የሚሠራው ሥራ የለም። ታዲያ ደም ውስጥ በብዛት ሲገኝ ምን ማለት ነው? የጡንቻ ሴሎች ግድግዳ ላልቶ ወይም ተቀዶ ኢንዛይሙ ወደ ውጭ ፈሷል ማለት ነው። መንገድ ላይ የፈሰሰ ቡና ስናይ አንድ ቦታ ጆንያ እንደተቀደደ እናውቃለን። ማን እንደቀደደው ግን ቡናው አይነግረንም። ቁጥሩም እንደዚሁ ነው፤ ጡንቻ መነካቱን ይናገራል፣ ምን እንደነካው ግን አይናገርም።

ይህ ኢንዛይም ለጡንቻ በሽታ ምርመራ እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ በ1959 ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺና ባልደረቦቹ አሳዩ። ያጠኑት ጡንቻቸው በዘር በሚተላለፍ በሽታ እየመነመነ የሚሄድባቸውን ሕሙማን ነበር። ኢንዛይሙ ሦስት ዓይነት ሲሆን አንዱ በአብዛኛው በአጥንት ጡንቻ፣ ሁለተኛው ከሌላው ቦታ ይልቅ በልብ ጡንቻ፣ ሦስተኛው በአንጎል ውስጥ ይገኛል። ቀደም ሲል ድንገተኛ የልብ ሕመምን ለመለየት የልቡ ዓይነት ይለካ ነበር፤ ዛሬ ግን ለድንገተኛው የልብ ሕመም ትሮፖኒን የሚባለው ምርመራ ተመራጭ ሆኗል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ጊዜው ነው። ከከባድ ሥራ ወይም ሩጫ በኋላ ቁጥሩ በሰዓታት ውስጥ መጨመር ይጀምራል፤ ከ1 እስከ 3 ባሉት ቀናት ጫፍ ይደርሳል፤ ሰውየው ካረፈ በየአንድ ቀን ተኩሉ በግማሽ ገደማ እየቀነሰ ይወርዳል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈ ማግስት ደሙ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ መገኘቱ አያጠራጥርም። ማራቶን የሮጠ ሁሉ እንደዚያ ነው። ማንም ግን «ታመመ» አይለውም።

ስማቸው የሚያምታታ ሁለት ነገሮች

እዚህ ላይ በተለይ ለእኛ ለጸሐፊዎቹ አንድ ማስጠንቀቂያ ላንሳ። ክሪያቲን ካይኔዝ እና ክሪያቲኒን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከላይ ያየነው የጡንቻ ኢንዛይም ነው። ክሪያቲኒን ደግሞ ጡንቻ ውስጥ ክሪያቲን ሲፈራርስ የሚወጣ ቆሻሻ ሲሆን ከሰውነት የሚያስወግደው ኩላሊት ነው። ስለዚህ ክሪያቲኒን ሲጨምር የሚጠረጠረው ኩላሊት ነው፤ ካይኔዝ ሲጨምር ግን ጡንቻ ነው። በሁለት ፊደል ልዩነት የአካል ክፍሉ ይቀየራል። ዜና ላይ አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ «ባሮ» ለማለት «አኮቦ» እንደ መጻፍ ነው፤ ሁለቱም ወንዝ ናቸው፣ የሚያደርሱት ግን ሌላ ቦታ ነው።

«የጉበት ምርመራ» የሚባለው የጉበት ብቻ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በብዙ ጤና ጣቢያና ክሊኒክ ሲኬ አይለካም። በብዛት የሚታዘዘው «የጉበት ምርመራ» የሚባለው ነው፤ በውስጡም ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ እና ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ አሉ። በአዲሱ አጠራር ኤ.ኤስ.ቲ እና ኤ.ኤል.ቲ ይባላሉ። ችግሩ ያለው ስያሜው ላይ ነው። ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ በጉበት ውስጥ እንዳለ ሁሉ በጡንቻ፣ በልብና በቀይ የደም ሴል ውስጥም አለ። ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ በአብዛኛው የጉበት ቢሆንም በመጠኑ ጡንቻ ውስጥም ይገኛል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መጋቢት ላይ፣ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ሦስት ቀን ሙሉ ከጭነት መኪና ላይ ሲሚንቶ ሲያወርድ ከረመ እንበል። በአራተኛው ቀን ጭኑና ጀርባው ተሳስሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ደም ሰጠ፤ ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ ጨምሮ ተገኘ። የሚጠይቀው ሰው ከሌለ «ጉበትህ ተነክቷል» ይባላል። ሰፈር ሲደርስ «የወፍ በሽታ ነው» የሚለው አይጠፋም፤ ባህላዊ መድኃኒት ይጠጣል። ከባህላዊ መድኃኒቶች መካከል ደግሞ ጉበትን በእውነት የሚጎዱ አሉ። ስለዚህ ያልታመመ ጉበት በሕክምናው ይታመማል።

እንዴት ይለያል? የመጀመሪያው ነገር ጥያቄ ነው፦ «ባለፈው ሳምንት ምን ስትሠራ ነበር?» ሁለተኛው ሲኬ በሚለካበት ቦታ ማስለካት ነው። ሲኬ ከፍ ካለ ምንጩ ጡንቻ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ጉበት ውስጥ ይህ ኢንዛይም ከቁጥር አይገባምና። ሦስተኛው ጂ.ጂ.ቲ የሚባለውን ምርመራ ማየት ነው፤ እሱ ጡንቻ ውስጥ ስለሌለ ጡንቻ ሲጎዳ አይጨምርም።

ይህ ነገር ለሕፃናት የበለጠ ዋጋ አለው። ወንዶች ልጆችን በዋናነት የሚያጠቃ ዱሼን የሚባል ጡንቻን የሚያመነምን በሽታ አለ። ልጁ ዘግይቶ ይራመዳል፣ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፣ ከመሬት ሲነሳ በእጁ ጉልበቱንና ጭኑን እየተደገፈ ነው። የእነዚህ ልጆች ሲኬ ከመደበኛው በአሥር እጥፎች ይበልጣል፤ «የጉበት» የሚባሉት ቁጥሮችም አብረው ይጨምራሉ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ጉበቱን ሲፈልግ ልጁ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። አነሳሱን ያየ ሰው ግን ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቃል።

«ኖርማል» የሚባለው የማን ነው?

በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የሚጻፈው መደበኛ ወሰን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከመመርመሪያ ኪቱ አምራች ነው። ለወንድ እስከ 200 ዩኒት በሊትር ገደማ የሚል በብዛት ይታያል። ታዲያ ይህ ወሰን የተሠራው ማን ላይ ነው?

እ.ኤ.አ በ2007 የታተመ፣ በኔዘርላንድ የተደረገ ጥናት ጤነኛ ሰዎችን በትውልዳቸው ለይቶ ለክቷል። ከመቶ ሰው 97.5 የሚሆነው የሚያርፍበት የላይኛው ወሰን ለነጭ ሴቶች 217፣ ለነጭ ወንዶች 336፣ ለጥቁር ሴቶች 414፣ ለጥቁር ወንዶች ደግሞ 801 ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ከዚህ በመነሳት የአውሮፓ የነርቭ ሐኪሞች ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ በ2010 ባወጣው መመሪያ፣ ምልክት በሌለው ጥቁር ወንድ ላይ ሲኬ ጨምሯል ለማለት ከ1201፣ በጥቁር ሴት ላይ ከ621 ማለፍ አለበት ብሏል።

እርግጥ በጥናቱ የተካተቱት ጥቁሮች ከሱሪናም የመጡ ናቸው እንጂ ኑዌር ወይም አኙዋክ፣ ወይም ደገኛ አይደሉም። ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ ጋምቤላ ላይ መለጠፍ ልክ አይሆንም። የሚያስተምረን ግን ትልቅ ነገር አለ፤ 350 የተጻፈበት ወረቀት የያዘ ጠንካራ ጎልማሳ የግድ በሽተኛ አይደለም። ወሰኑ የተሠራው እሱን በማይመስሉ ሰዎች ላይ ሊሆን ይችላል። ጡንቻው ብዙ የሆነ ሰው፣ ወንድ የሆነ ሰው፣ በጉልበቱ የሚኖር ሰው ቁጥሩ ከፍ ይላል።

በእኛ አካባቢ ቁጥሩን የሚጨምሩ ነገሮች

ለመጠቆም ያህል የሚከተሉትን እንመልከት።

አንደኛ፣ ከባድ ሥራና ረጅም ጉዞ። በእርሻ ላይ የሚሰማራ የቀን ሠራተኛ፣ ጭነት የሚያወርድ ተሸካሚ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 2013 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በፓጋክና በሌሎች መግቢያዎች በእግሩ የተሻገረ ሰው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ሙቀትና የውሃ ጥም ሲጨመርበት ጉዳቱ ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ መርፌ። ይህ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ራሱ ሲኬን በመጠኑ ይጨምራል። ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ተወግቶ በማግስቱ ደም የሰጠ ሰው የመርፌውን ምልክት ወረቀቱ ላይ ሊያየው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ወባና የሚጥል በሽታ። ከባድ ወባ ጡንቻን ይጎዳል፤ ሰውየው ከተንቀጠቀጠና ካንፈራገጠው ደግሞ ቁጥሩ የበለጠ ይወጣል።

አራተኛ፣ መድኃኒቶች። ኮሌስትሮል ለመቀነስ የሚሰጡት እነ ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን ይታወቃሉ። ለአካባቢያችን ግን ሌላም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት መካከል የኤች.አይ.ቪ ሥርጭት በአገር ደረጃ 0.9 በመቶ ሲሆን በጋምቤላ 4.8 በመቶ ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው። ለብዙ ዓመታት በሰፊው ሲሰጥ የነበረው ዚዶቩዲን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጡንቻን ሊያደክም ይችላል። አሁን በዋናነት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ደግሞ ኩላሊት ሳይጎዳ ክሪያቲኒንን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል። ሁለቱ ስሞች እንዳይምታቱ ያልኩት ለዚህም ነው። ይህን ያነበበ ማንም ሰው ግን መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቆም፤ የሚበጀው ለሐኪሙ መንገር ነው።

አምስተኛ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ ብዙ አልኮል መጠጣት፣ ድብደባ፣ መውደቅ፣ ፍርስራሽ ሥር መቀበር።

መቼ ነው የሚያስፈራው?

ሥራ ሠርቶ የጨመረ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በዕረፍት ይወርዳል። ለዚህም ነው ሐኪሞች ምልክት የሌለውን ሰው ቢያንስ 3 ቀን፣ ቢቻል አንድ ሳምንት ከከባድ ሥራ አርፎ እንደገና እንዲለካ የሚያደርጉት። ቁጥሩ አርፎም ካልወረደ፣ ወይም ድክመቱ እየጨመረ ከሄደ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል።

አደገኛው ራብዶማዮላይሲስ የሚባለው ነው፤ ጡንቻ በብዛት ተፈራርሶ ይዘቱ ወደ ደም ሲጎርፍ ማለት ነው። በአብዛኛው ሲኬ ከላይኛው ወሰን በ5 እጥፍ ሲበልጥ ይጠረጠራል፤ ከ5000 ሲያልፍ ለኩላሊት የሚፈራው ነገር ይጨምራል። እዚህ ላይ ገዳዩ ኢንዛይሙ አይደለም። ከእሱ ጋር አብሮ የሚወጣው ማዮግሎቢን የሚባለው ቀይ ፕሮቲን የኩላሊት ቱቦዎችን ይዘጋል፣ ይመርዛልም። ፖታሲየም ደግሞ ደም ውስጥ በዝቶ የልብን ምት ያዛባል።

ይህ በግልጽ የታወቀው በጦርነት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ በ1941 ባይዎተርስና ቢል የተባሉ ሐኪሞች ለንደን ስትደበደብ ፍርስራሽ ሥር ተቀብረው ስለወጡ 4 ሰዎች ጻፉ። ሰዎቹ ሲወጡ ደህና ይመስሉ ነበር፤ በቀናት ውስጥ ግን ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ። የተጨፈለቀው እግራቸው ነበር፤ የገደላቸው ግን ኩላሊታቸው።

ሕክምናው በጊዜ ከተደረሰ ውስብስብ አይደለም። ዋናው ነገር በደም ሥር ፈሳሽ ቶሎና በበቂ መስጠት፣ የሽንቱን መጠን መከታተል፣ ኩላሊት የሚጎዱ መድኃኒቶችን ማስወገድ ነው። እንግዲህ ያ ለጡንቻ ሕመም ከየፋርማሲው የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ከእነዚህ አንዱ መሆኑን ልብ ይሏል። ካመለጠ ግን የኩላሊት እጥበት ሊያስፈልግ ነው፤ እጥበት ደግሞ በየወረዳው የሚገኝ አገልግሎት አይደለም። ቀድሞ የተሰቀለ ጥቂት ከረጢት ፈሳሽና ዘግይቶ የሚደረግ የመቶ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ፣ ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው።

ጥቁር ሽንት፦ ወባ ወይስ ጡንቻ?

ከሁሉም በላይ ጋምቤላን የሚመለከተው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። ማዮግሎቢን ሽንትን የሻይ ወይም የኮካ ኮላ ቀለም ያስይዘዋል። በወባ አገር ግን ሽንት የሚያጠቁር ሌላም ነገር አለ። በከባድ ወባ፣ ወይም ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ለቫይቫክስ ወባ ፕሪማኩዊን ሲወስድ፣ ቀይ የደም ሴሎች ይፈራርሱና ሄሞግሎቢን በሽንት ይወጣል። የጂ6ፒዲ ማነስ ደግሞ ከብዙው የአገራችን ክፍል ይልቅ በጋምቤላ ተወላጆች ላይ በብዛት እንደሚገኝ በጥናት ታይቷል።

ሁለቱም ሽንትን ያጠቁራሉ። ሁለቱም የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ላይ «ደም አለ» ያሰኛሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቀይ የደም ሴል አይገኝም ወይም ጥቂት ነው። ሁለቱም ኤስ.ጂ.ኦ.ቲን ይጨምራሉ። ታዲያ እንዴት ይለያሉ? ደሙ በሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከር፣ የፈረሰው ቀይ የደም ሴል ከሆነ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ቀላ ይላል፤ የፈረሰው ጡንቻ ከሆነ ግን ማዮግሎቢን ከደም ቶሎ ስለሚወጣ ፈሳሹ እንደ ወትሮው ቢጫ ነው። ሲኬ ሲለካም በጡንቻው ጉዳት በጣም ይጨምራል፤ በቀይ ሴል መፍረስ ግን ይህን ያህል አይጨምርም። አንዳንዴ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ ግን መዘንጋት የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ናሙናው ከሩቅ ወረዳ በኮረኮንች መንገድ እየተንገጫገጨ፣ በሙቀት ውስጥ ከመጣ ቀይ የደም ሴሎች ቱቦው ውስጥ ሊፈርሱ ይችላሉ። ያኔ ኤስ.ጂ.ኦ.ቲና ኤል.ዲ.ኤች የሚባለው ቁጥር የሚጨምረው ሰውየው ታሞ ሳይሆን ደሙ ተጉዞ ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ሐኪም ከቁጥሩ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የእኛው ጥያቄዎች ናቸው፦ ማን? ምን ሠራ? መቼ? የት? ምን ወሰደ? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ያልተጠየቀ ሰው ግን ደበቀ አይባልም። ክልላችን ውስጥ ታካሚው ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ ወይም ማጃንግኛ ተናጋሪ ሆኖ ጠያቂው አማርኛ ብቻ ከሆነ፣ «ሦስት ቀን በእግሬ ተጉዤ ነው የመጣሁት» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ትጠፋለች። ቁጥሩ ግን አይጠፋም፤ ትርጉም የሌለው ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ስለ ጤና ስንዘግብ ስለ ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ስለ አስተርጓሚውም እንጠይቅ።

በራዲዮ ስናስተላልፍም «የጡንቻ ኢንዛይም ጨመረ» ብሎ ማለፍ አድማጭን ያስደነግጣል እንጂ አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ከከባድ ሥራ ወይም ከረጅም ጉዞ በኋላ ጡንቻህ ካበጠና ሽንትህ ከጠቆረ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂድ፤ ምን ስትሠራ እንደነበር፣ ምን መርፌና መድኃኒት እንደወሰድህ ሳትጠየቅም ተናገር።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ የጡንቻ ኢንዛይም መጨመር የበሽታ ስም አይደለም፤ «ይህ ጡንቻ ምን ደረሰበት?» የሚል ጥያቄ ነው። መልሱ አንዳንዴ «ጠንክሮ ሠራ» ብቻ ነው፤ አንዳንዴ መድኃኒት ነው፤ አንዳንዴ የዘር በሽታ ነው፤ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ፈሳሽ ካላገኘ ኩላሊቱን የሚያጣ ሰው ነው። እነዚህን የሚለያቸው ውድ ማሽን ብቻ አይደለም። የሽንቱን ቀለም ማየት፣ ቱቦው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ማየት፣ ሰውየውን በሚገባው ቋንቋ መጠየቅ፤ ሦስቱም በየጤና ጣቢያው ሊደረጉ የሚችሉ ናቸው።